አንድ ሰዓት ከአሥር

በዚያ ረቡዕ ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። አቶ ጌታነህ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ። ወይዘሪት ሰብለ፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ፣ ከእሱ በስተቀኝ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ሰይድ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የሠራተኞች ተወካይ ሆኖ በመስኮቱ በኩል። ሚኪያስ፣ የጉምሩክ ሰነድ የሚያስጨርሰው ዲክላራንት፣ ለፊርማ ያመጣውን ፋይል ታቅፎ በሩ አጠገብ ቆሞ፤ ውጣም ቆይም ያለው አልነበረም። እትዬ የሺ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ መሐል ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ታምራት፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ። እጄ ላይ ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር።

ስሞቹን አስቀድሜ የጻፍኩት ያ ወረቀት ስም ስላልነበረው ነው። ቁጥር ብቻ ነበረው። ቁጥሮቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ያ ሥራ ሥራዬ አይደለም። ፒያሳ፣ ሳይፈርስ በቀረው ወገን፣ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ቀለበት ላይ ስም እቀርጻለሁ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ጡረታ ወጣሁ ብል ያስቃል። ቢሆንም አንድን ሙያ ጨርሶ የተወ ሰው ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሙያውን ማንም ወንበር ላይ አስቀምጦ አላስተማረኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝምና አትክልት ተራ አጠገብ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጠርኩ። ደንበኞቼ የቲማቲምና የሽንኩርት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በር ላይ እየጠረጉ ይገባሉ። አንድ ገጽ አልከፈት ሲላቸው «አንተ ልጅ፣ ዘዴ የለህም?» ይሉኛል። ዘዴውን ፈልጌ አገኘሁት። ቪፒኤን ይባላል። ዘበኛ የቆመበትን በር ትቶ በጎረቤት ግቢ ዞሮ እንደ መግባት ነው፤ ዘበኛው የሚያየው ጎረቤት ጋ እንግዳ መግባቱን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ የግል ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ሠራሁ፤ በየማታው ማውሶችን ቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ አለቃ ነበረኝ። ከኮሌጁ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ወደሚያስወጣው ወደዚህ ትራንዚት ቢሮ ተዛወርኩ። ደመወዙ ከፊተኛው ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። እንግዲህ መጀመሪያ መክፈት ተማርኩ፤ ቀጥሎ ለመዝጋት ተቀጠርኩ።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው እንጨት፣ ግድግዳው ደግሞ ድሪል የሚሰብር የጥንት ግድግዳ። በመዝገብ ቤቱ መስኮት የጊዮርጊስ ጉልላት ይታያል። ቢሮው ውስጥ መስመር ለመዘርጋት በኮንትራት የመጡት ጋሽ ተካ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር የጨረሱ ሰው። ለሁለት ወር አብሬያቸው ሠራሁ። የማውቀውን ቁምነገር ሁሉ ያወቅሁት በእነዚያ ሁለት ወራት ነው።

ጋሽ ተካ ጆሯቸው ላይ እስክሪብቶ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ የቁስል ፕላስተር አይጠፋም። አንድ መስመር ከመዘርጋታቸው በፊት ፕላስተሩን ቀደው የሰው ስም ይጽፉበታል፤ ሁለት ጊዜ። አንዱ ለዚህ ጫፍ፣ አንዱ ለዚያኛው። ጽፈውም ጽሑፉን አያምኑትም። እኔን ዋናው ሣጥን ጋ ያቆሙኝና ራሳቸው እስከ ሌላው ጫፍ ሄደው፣ ሠራተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጮሃሉ።

«ሳብ!»

እስባለሁ።

«እዚህ ተነቃነቀ። እዚያ ማን ተነቃነቀ?»

«ሰይድ የሚለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የሰይድ ነው። ሁለቱን ጫፍ ሳትነካ መስመሩን አወቅሁት እንዳትል።»

ሽቦ ማሠር ያስተማሩኝ በራሳቸው ፒንሳ ነው። ስምንቱን ሽቦ በተራው መደርደር፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግመው ነበር። ውጪኛው ላስቲክ ከመሰኪያው አፍ ትንሽ እንኳ ከቀረ ይቆርጡትና እንደገና ያሠሩኛል። «ዛሬ ይሠራል» ይላሉ፣ «በዓመቱ ግን አንዷ ጠራጊ ስትጎትተው ይወልቃል፤ ያኔ የምትሰደበው እሷ ናት።» ኮንትራታቸው ሲያልቅ ፒንሳውን ሰጡኝ። እጀታው በሌላ ሰው እጅ ሙቀት የለሰለሰ ዕቃ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እሳቸው ሲሄዱ የመጀመሪያ ሥራዬ የስም ፕላስተሮቹን ማንሳት ነበር። ሰው ይለቃል፣ ወንበር ይቀያየራል፤ ቁጥር ግን አይለወጥም ብዬ ሁሉንም ቁጥር ሰጠኋቸው። መ-1 ሥራ አስኪያጁ፣ መ-2 አስተዳደር፣ እንዲህ እያለ። ጋሽ ተካ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው አዩትና «አምሮበታል» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ቁጥር ሲያመው ማን ይጠይቀዋል?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የእትዬ የሺ ማሽን መ-4 ነበር።

ከዓመት በኋላ ከአቶ ጌታነህ አንድ ማስታወሻ ደረሰኝ። የቪዲዮ፣ የመወያያና የውርርድ ገጾች በሙሉ ይዘጉ የሚል። በአንድ ቀን ዘጋኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሚኪያስ ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ ወደ ሁላችንም ዞረ።

«ወገን፣ ጾም ገብቷል» አለ። «ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። የቀረችን ሽሮ ብቻ ናት።»

ሽሮ ያለው የጉምሩኩን ገጽ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክልከላው ጾም ተባለ። ክልከላውን የሚያልፍ ነገር ሁሉ፣ ቪፒኤንም ይሁን ሌላ ብልሃት፣ ፍስክ ተባለ። «ዛሬ ፍስክ አለ?» «ትናንት ነበረች፣ አባ ዝጋው ደረሰባት።» አባ ዝጋው እኔ ነኝ። ሰይድ በወሎ ለዛው «እኛ እንኳ ረመዳንን ፀሐይ ስትጠልቅ እናፈጥራለን፤ የታሜ ጾም ማፍጠሪያ የለውም» ይል ነበር።

ሰኞ አንዱን ቪፒኤን ስዘጋ ማክሰኞ ሌላ ይዘው ይመጣሉ። ሚኪያስ ተወልዶ ያደገው እዚያው ሠራተኛ ሰፈር ነው፤ መዘጋቱን እንደ ስድብ ነበር የወሰደው። «በአንድ በር ተዘግቶብኝ ልቀመጥ? በገዛ ሰፈሬ ፋራ ልታደርገኝ ነው እኮ!» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ለጨዋታ አልነበረም የሚፈልገው። የሰይድ ልጅ ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ የሚያወጣው በዚያ በዘጋሁት መወያያ ነበር። ደንበኞችም የዕቃ ሰነድ በዚያው ይልኩ ነበርና ዲክላራንቶቹ ፎቶ ለማውረድ ደረጃ ወርደው የራሳቸውን የስልክ ካርድ ይጨርሱ ነበር። ይህን ለአቶ ጌታነህ ነገርኩት። «ሥራ ቦታ ሥራ ብቻ» አለኝ። የእሱ ማሽን መ-1 ግን ከክልከላው ነፃ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ያይበታል። እኔ የራሴን ማሽን ሳይቀር ዘግቻለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ያመጣውን ቀጥዬ እጽፋለሁ።

አንድ ማክሰኞ የአንድ ኮንቴይነር ሰነድ ከምሳ በፊት መላክ ነበረበት። እትዬ የሺ ሰነዱን ስካን አድርገው ሲልኩት ገጾቹን የምዘጋበት ማጣሪያ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ደንበኛው ስልክ ላይ ይጮሃል። ለዛሬ ብቻ ብዬ ከመ-4 ላይ ማጣሪያውን አነሳሁት። እኔ የሠራሁትን ሁሉ፣ የቀየርኩትን ብሎን ሳይቀር፣ ደብተር ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። ይህን አልጻፍኩትም። ለአንድ ቀን ነበራ፤ በማግሥቱ ግን ሳልመልሰው ቀረሁ።

ሳምንት አልሞላም፣ ወሬው ዞረ። «ፍስኩ እትዬ የሺ ጋ ነው።»

እትዬ የሺ ራሳቸው ቃሉን አያውቁትም ነበር። ሰባቱን አጽዋማት ቆጥረው የሚጾሙ ሰው ስለሆኑ በጾም መቀለዳችንን እንዳይሰሙ ሁላችንም እንጠነቀቅ ነበር። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ወንበራቸውን ወደውታል። ሚኪያስ ፍላሽ ይዞ ይመጣና «እትዬ፣ ትንሽ ልቀመጥበት?» ይላል። «ተቀመጥ፣ ወንበር ሰው አይበላ» ይሉታል። አልሆነም ማለት አይሆንላቸውም፤ ይሉኝታቸው ከእሳቸው ይቀድማል።

ያኔ ዐቢይ ጾም ነበር። ረቡዕና ዓርብ ቀን ለቅዳሴ ጊዮርጊስ እንዲሄዱ ወይዘሪት ሰብለ በቃል ፈቅዳላቸው ነበር፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳሉ። ያንን ለማካካስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ቢሮውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። እኛ የምንገባው ሁለት ተኩል ነው። ቅዳሴ ሲሄዱ ማሽኑን አይዘጉትም፤ መዝጋት አያውቁበትም ነበር። ጠዋት የሚበራበትን አንዲት ቁልፍ አሳይቻቸዋለሁ። ማታ የምዘጋላቸው እኔ ነኝ።

እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ወንበራቸው ላይ ተራ ይያዝ ነበር።

አንድ ዓርብ እኔም ተራ ያዝኩ። የተማርኩት ሁሉ ከቪዲዮ ነው፤ የራሴን ማሽን በገዛ እጄ ዘግቼ ትምህርቴ ተቋርጦ ነበር። ያወረድኩት ስለ ኔትወርክ ጥበቃ የሚያስተምር ተከታታይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ጀመርኩ። ሚኪያስ ከኋላዬ ቆሞ «ቶሎ በል አባ ዝጋው፣ ውርርዱ ሊዘጋብኝ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ፤ እኔ ስነሳ እሱ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ሰኞ አቶ ጌታነህ ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠበት። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። «ይህን መስመር የሚበላው ማነው? ረቡዕ ጠዋት በወረቀት እፈልጋለሁ።»

ወረቀቱን ማክሰኞ አዘጋጀሁ። የማሽን ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተከፈተው ገጽ፣ የወረደው መጠን። መ-4 ከሁሉም ይበልጥ ነበር። የራሴ የዓርቡ መስመርም እዚያው አለ፤ ከሁሉም ረጅሙ። መሰረዝ እችል ነበር፤ አልሰረዝኩትም። ያኔ ይህ ታማኝነት መስሎኝ ነበር። ስሜ የሌለበት ታማኝነት።

ሠንጠረዡ በወረቀቱ ወርድ አልገባ አለ። አንዲት ቀጭን ዓምድ ተርፋ ሌላ ገጽ ላይ ትወጣለች። ዓምዷ የምትለው ሰዓቱ ከቀትር በፊት ይሁን በኋላ ነው። እንዲያምር ብዬ ቆረጥኳት። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኔ ይህን ስለማውቅ ማንም የሚያውቀው መሰለኝ። እንዲህ ሆኖ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ወረቀቱ ላይ 01:10 ሆኖ ወጣ።

ምን ይመጣል ብዬ እንዳሰብኩም ልጻፍ። አቶ ጌታነህ «መ-4ን ዝጋው» ብሎ የሚያልፈው መስሎኝ ነበር። ሌላ አላሰብኩም።

«መ-4 የማን ነው?» አለ ወረቀቱን እንዳየ።

ወይዘሪት ሰብለ ዝርዝሯን ገለጠች። «የመዝገብ ቤት። የእትዬ የሺ።»

አስጠራቸው። ተወካይ ይኑር ተብሎ ሰይድም ተጠራ። እትዬ የሺ ፋይል የተፈለገ መስሏቸው መነጽራቸውን ይዘው ነበር የገቡት።

«እትዬ የሺ» አለ አቶ ጌታነህ፣ «ፍስኩ እርስዎ ጋ ነው ይባላል።»

«እኔ ጋ?» አማተቡ። «በማርያም! በዐቢይ ጾም?»

«ቢሮው ሁሉ ያወራዋል።»

«ምን አይተውብኝ ነው? ሰብልዬ፣ ምሳ ዕቃዬን ታውቂው የለም? ሽሮ ናት እኮ። እኔ ዓሣ እንኳ አልነካ!»

ሽሮ ሲሉ ሰይድ ሳቁ አመለጠው። ሚኪያስ ፋይሉን ወደ አፉ አስጠጋ። አቶ ጌታነህ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይቀልዱብኛል?»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ምን ብዬ እቀልዳለሁ?»

«እሺ ይተዉት። ጠዋት ቢሮውን የሚከፍተው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት። ያቺን የቅዳሴዋን ላካክስ ብዬ።»

«በዚያን ሰዓት ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም። ዘበኛው ታች ነው።»

አቶ ጌታነህ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አደረገ። «ዓርብ ዕለት። አንድ ሰዓት ከአሥር። መ-4 ላይ ቪዲዮ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ከእሱ ቀጥሎ ቁማር።»

የቆረጥኳት ዓምድ ያኔ ታየችኝ። ጣቱ ያረፈበት መስመር የእኔ ነበር። እሱ ያነበበው ጠዋቱን ነው፤ እትዬ የሺ ብቻቸውን ባዶ ቢሮ ውስጥ ያሉበትን ሰዓት። መስመሩ የሚለው ቀትሩን ነው፤ እሳቸው ጊዮርጊስ ቆመው የሚያስቀድሱበትን። ሊያወጣቸው የሚችለው ያው ቁጥር ነበር ያሠራቸው። ለማስተካከል ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ «ከቀኑ ነው።» ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄም አውቄዋለሁ። ከቀኑ ከሆነ ማን ነበር የተቀመጠው? ማሽኑንስ ማን ከፈተው?

«ታምራት» አለ አቶ ጌታነህ፣ «ወረቀቱ ትክክል ነው?»

«ወረቀቱ ትክክል ነው» አልኩ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ ጌታነህ፣ ይፈቀድልኝና፣ አንድ ማሽን ላይ ሌላም ሰው ሊቀመጥ…»

«በጠዋት አንድ ሰዓት ማን ይቀመጣል?»

ሰይድ እኔን አየ። ሚኪያስም አየኝ። ከኋላዬ ቆሞ ስንት ሰዓት እንደነበር ያውቃል። እኔ ወለሉን አየሁ። እዚያ ወለል ላይ ጋሽ ተካ ሽቦ ያሳለፉበት ጣውላ አለ፤ አራት ብሎን ነው ያለው። ቆጠርኳቸው።

አቶ ጌታነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ ብለው ይጻፉና በማስጠንቀቂያ እናልፈዋለን። ለጡረታ የቀረዎት እኮ ወራት ነው።»

እትዬ የሺ መነጽራቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ?» አሉ። «ለፋሲካ ልቆርብ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ልጄ። በሐሰት ፈርሜ ምን ይዤ እገባለሁ?»

ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤው ተጻፈ። የድርጅቱን ንብረት ለቁማርና ለማይገባ ምስል በማዋል ይላል። ይህ የተጻፈው እንኳን ቁማር፣ ካርታም ቤታቸው ስለማያስገቡ ሴት ነው። ለጡረታቸው ስምንት ወር ቀርቷቸው ነበር። የመዝገብ ቤቱን ቁልፎች ለወይዘሪት ሰብለ አንድ በአንድ አስረከቡ፤ እያንዳንዷ ቁልፍ ላይ ጋሽ ተካ የጻፉባት ፕላስተር ነበረች። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ መጡ።

«ታሜ፣ ያንን ማሽን ዝጋልኝ። እንደለመድከው። እኔ መዝጋቱን አላውቅበትም።»

ሄጄ ዘጋሁት። ቆመው አዩኝ። «ተባረክ» ብለውኝ ደረጃውን ወረዱ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ተካን ማኪያቶ በሚጠጡባት ቤት አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥያቄያቸው ያው የድሮው ነበር።

«ሁለተኛውን ጫፍ ነክተኸዋል?»

«ነክቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ማን ተነቃነቀ?»

«እኔ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው። «ፒንሳዬን።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ሒሳቡን ከፍለው ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነቱን በደብዳቤ ጽፌ ለወይዘሪት ሰብለ ወሰድኩላት። በሯን ዘግታ አነበበችው። አንብባ ሳትጨርስ ነበር ዓይኗ የቀላው። «የቅዳሴ ፈቃዱን የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ከቀኑ መሆኑን ባውቅ…» ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችልኝ። «ይህን ባስገባ አንተ ትባረራለህ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ እኔም እጠየቃለሁ። እሳቸውን ግን አይመልሷቸውም። እንደገና አስብበት፣ ታሜ።» አሰብኩበት። አስቤበት ኪሴ ከተትኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ለፈራሁት ቢያንስ ድንገተኛ ነበር ማለት እችላለሁ። ለዚህኛው ሰበብ የለኝም።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ትልቅ ደንበኛ ሰነድ የምልከው በመወያያው ብቻ ነው፣ ካልቻላችሁ ሌላ ቢሮ አለ አለ። አቶ ጌታነህ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። «ያን ነገር ክፈተው። ለሁሉም።» አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሚኪያስ ባዶው የእትዬ የሺ ወንበር አጠገብ ቆሞ «ወገን፣ ጾም ተፈታ!» ብሎ ጮኸ። የሳቀለት አልነበረም። እሱም ወዲያው አፈረ መሰለኝ፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጎ ሄደ። በዚያው ሳምንት መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ወርቅ ቤት ውስጥ ስም ለመቅረጽ አንድ ሕግ አለኝ። ሙሽሮቹ ሁለቱም ካልመጡ አልቀርጽም። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስም በራሳቸው እጅ ይጽፉልኛል። «አንዱ ቢጽፍ ምን አለበት?» ይላል ባለቤቱ። ወርቅ ላይ የገባ ፊደል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወርቁ ራሱ ሲፋቅ ነው እለዋለሁ።

ባለፈው ከሥራ ስወጣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ እትዬ የሺን አገኘኋቸው። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ጉንጬን ሳሙኝ። የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ። ላወራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንተማ ምን ታደርግ፣ ልጄ። ወረቀቱ ያለውን አልክ።» ነጠላቸውን ሰብስበው «ግን ታሜ፣ አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም» አሉ። «ያ ፍስክ ያሉት ነገር ምንድን ነው? ማን አየኝ ብዬ ስንቴ አሰብኩ። ንስሐ አባቴንም ጠየቅኋቸው።»

«ቀልድ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እንዲህም ያለ ቀልድ አለ?» አሉና መንገዱን ተሻገሩ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ኪሴ ከተትኩት ያልኩት ደብዳቤ ከእኔ ጋ ነው። አሁን እንደገና ገልብጬዋለሁ፤ ማሽኑን የከፈትኩት እኔ፣ ዓርብ ዕለት የተቀመጥኩት እኔ፣ ዓምዷን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለእትዬ የሺ ይዤላቸው ከመሄዴ በፊት ግን እናንተ እንድትጽፉበት ከስሜ በታች ቦታ ትቻለሁ። እኔ ያየሁት ከቆምኩበት ጫፍ የሚታየውን ብቻ ነው።

ሰይድ፣ ዓረፍተ ነገርህ ተቋርጦ ነበር፤ ጨርሰው። ወይዘሪት ሰብለ፣ የቃለ ጉባኤው ገጽ አንቺ ጋ ነው፤ በቃል የሰጠሽውንም ፈቃድ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሚኪያስ፣ ከኋላዬ ቆመህ ያልከኝን ቃል ከእኔ በተሻለ ታስታውሰው ይሆናል፤ ያሳሳትኩት ካለ አርመኝ። አቶ ጌታነህ፣ አንተም እዚያ ነበርክ። ያጎደልኩትን ጨምሩ። እኔን የሚያስወቅስ ቢሆንም አትተዉት።

ሰዓቱን ስትጽፉ ግን ከጠዋቱ ይሁን ከቀኑ አብራችሁ ጻፉ።